ለኪችን ባንኮኒ፦ እምነበረድ፣ ግራናይት ወይስ ኳርትዝ?

እህቴ ኪችኗን ስታሳድስ ነጭ እምነበረድ አስገጠመች። ልብ ይሰርቃል። ወር ሳይሞላው አንድ ማታ የተቆረጠ ሎሚ ባንኮኒው ላይ ደፍታ ረሳችው። ጠዋት ስታነሳው የደበዘዘ ክብ ቀርቷል። በሳሙና ብታሸው፣ በበረኪና ብትሞክረው ወይ ፍንክች! ሻጩ ግን "ድንጋይ አይደል እንዴ፣ ምን ይሆናል?" ብሏት ነበር።

ድንጋይስ ድንጋይ ነው። ጥያቄው ከየትኛው ማዕድን ነው የሚለው ነው። እምነበረድ በአብዛኛው ካልሳይት ነው። ካልሳይት ደግሞ ከካርቦኔት ወገን ነው፤ ካርቦኔትና አሲድ አይስማሙም። ሎሚ፣ ኮምጣጤ፣ ቲማቲም፣ የቦካ ሊጥ ሳይቀር ይበላዋል። የእህቴ ክብ እድፍ አልነበረም፤ የድንጋዩ ፊት ራሱ ተበልቶ ነው። ለዚህ መድኃኒቱ ሳሙና ሳይሆን እንደገና ፖሊሽ ማስደረግ ነው።

ጥንካሬውም ሌላ ጣጣ ነው። ጀርመናዊው ፍሬድሪክ ሞስ እ.ኤ.አ. በ1812 አሥር ማዕድናትን፣ የቱ የቱን ይጭራል በሚል ደርድሯቸዋል። ታልክ 1 ነው፣ አልማዝ 10። ካልሳይት 3 ላይ ቁጭ ብሏል። የብረት ቢላ 5.5 ገደማ ነው። ስለዚህ እምነበረድ ላይ ሽንኩርት ከከተፋችሁ ቢላው መስመሩን ትቶ ይሄዳል።

ግራናይት ሌላ ቤተሰብ ነው። ኳርትዝ (7)፣ ፌልድስፓር (6) እና ጥቂት ሚካ ተቆላልፈው የሠሩት ነው። እነዚህ ሲሊካ ያለባቸው ማዕድናት ናቸው፤ ሎሚ አይነካቸውም፣ ቢላም ብዙ አይደፍራቸውም። ከምድጃ የወረደ ድስትም ይችላል። ድክመቱ መጠጣቱ ነው። ዓይን የማያያቸው ቀዳዳዎች ስላሉት ዘይትና ቅቤ ወደ ውስጥ ይሰርጋሉ፣ በተለይ ፈዛዛ ቀለም ላይ ያስታውቃሉ። ውሃ ጠብ አድርጉበትና አሥር ደቂቃ ጠብቁ። ቦታው ከጠቆረ ማሸጊያ ፈሳሽ መቀባት አለበት።

ገበያ ላይ ስሙን ብቻ አትመኑ። ጠንካራና የሚያብረቀርቅ ሁሉ "ግራናይት" ነው የሚባለው። ጥቁሩ ብዙ ጊዜ ጋብሮ የሚባል ሌላ ድንጋይ ነው። የአክሱም ሐውልቶችም ግራናይት ሲባሉ ይሰማል፤ ድንጋያቸው ግን ኔፌሊን ሳይናይት ነው፣ ኳርትዝ የለውም። ይህ ስህተት ኪስ አይጎዳም። የሚጎዳው እምነበረድን በግራናይት ስም መግዛት ነው። ድንጋዩን ገልብጡና ጀርባውን በቢላ ጫፍ ጫሩት። በቀላሉ ከተጫረ ግራናይት አይደለም።

ሦስተኛው "ኳርትዝ" ተብሎ የሚሸጠው ነው። ይህ የፋብሪካ ሥራ ነው፤ የተፈጨ ኳርትዝ፣ ብዙ ጊዜ 90 በመቶ ገደማ፣ በሬዚን ተጣብቆ የተሠራ። ቀዳዳ ስለሌለው ማለት ይቻላል፣ እድፍ አይጠጣም። ማሸጊያም አይፈልግም። ሬዚኑ ግን ፕላስቲክ ነገር ነው፤ የጋለ ድስት ሲያርፍበት ይቃጠላል ወይም ቀለሙን ይቀይራል። ሲቆረጥ የሚነሳው አቧራ ደግሞ ሳንባ ያጠፋል። አውስትራሊያ እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2024 ጀምሮ የከለከለችው በዚህ ምክንያት ነው። ከገዛችሁ ውሃ እየፈሰሰበት ወርክሾፕ ተቆርጦ ይምጣ እንጂ ቤታችሁ ውስጥ አይቆረጥ።

ለእኛ አገር ኪችን፣ ወጥ ለሚቁላላበትና ትኩስ ድስት ለሚቀመጥበት፣ እኔ ጠቆር ያለ ወይም ዥጉርጉር ግራናይት እመርጣለሁ። ድስት ማስቀመጫ የማይረሳ ሰው ፋብሪካ ሠራሹን ቢወስድ አልከራከርም። እምነበረድን አልጠላም፤ የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ዳለቲ ድንጋይ አገራችን ያላት ቆንጆ ሀብት ነው። ቦታው ግን የመታጠቢያ ቤት ግድግዳ ወይም የመስኮት ደፍ ነው። መግቢያ በር ላይ አታንጥፉት፤ ከጫማ የሚረግፈው አሸዋ ብዙው ኳርትዝ ስለሆነ ፖሊሹን ይፍቀዋል።

ቀብድ ሳትከፍሉ ቆራጩን ከዚያው ድንጋይ ቁራጭ ለምኑት፤ ሞልቶት ነው የሚጥለው። ቤት ወስዳችሁ በአንዱ ጫፍ ሎሚ፣ በሌላው በዘይት የተለወሰ እርድ አሳድሩበት።