ጀርመን ሀገር አንድ ሴሚስተር ኤክስቼንጅ፣ ጀርመንኛ ለሚማር ሰው ይሆናል ወይ?

ቱሪንገን በምትባለው የጀርመን ክልል ውስጥ አንድ ሴሚስተር የልውውጥ ተማሪ ሆኜ ጨርሼ መጣሁ፣ "ጀርመንኛሽ ተሻሻለ ወይ፣ ይመከራል ወይ" ብላችሁ ኢንቦክስ ያደረጋችሁልኝ ስለበዛችሁ እዚሁ አንዴ ልጻፈው። ከአምስት ኮከብ አራት እሰጠዋለሁ። ግን እሱ አራት ኮከብ የሚሰራው ጀርመንኛውን ይዞ ለሄደና እዛ ከደረሰም በኋላ ከእንግሊዝኛ ለሸሸ ሰው ነው፣ ካልሆነ ስድስት ወር ጀርመን ኖራችሁ እንግሊዝኛችሁን አሻሽላችሁ ነው የምትመለሱት፣ በአይኔ አይቻለሁ።

ገንዘቡን ቶሎ ልለፈው። በዩኒቨርሲቲያችሁና በተቀባዩ የጀርመን ዩኒቨርሲቲ ስምምነት የምትሄዱ ከሆነ ለተቀባዩ የትምህርት ክፍያ የለም፣ የሴሚስተር መዋጮ የሚሏትን ብቻ ትከፍላላችሁ፣ ብዙ ቦታ የባቡርና የአውቶቡስ ትኬቱም እሷ ውስጥ ነው። ባደን ቩርተምበርግ የምትባለው ክልል ከአውሮፓ ህብረት ውጪ የመጣውን ተማሪ በሴሚስተር 1500 ዩሮ ታስከፍላለች ሲባል የሰማ ይደነግጣል፣ እሱ በራሱ ለሚያመለክት ነው እንጂ በስምምነት የመጣን አይነካም። ለቪዛ በየወሩ የተወሰነ ብቻ በሚወጣበት ዝግ አካውንት በወር 992 ዩሮ ሂሳብ ማሳየት አለ፣ ከዲኤኤዲ (DAAD፣ የጀርመን የአካዳሚክ ልውውጥ ድርጅት) አይነት ስኮላርሺፕ ያገኘ ሰው ግን የስኮላርሺፑ ደብዳቤ ይበቃዋል።

አሁን ወደ ዋናው። እንደደረስን የኢንተርናሽናል ቢሮው በእንግሊዝኛ የሚሰጡ ኮርሶችን ዝርዝር ሰጠን፣ እኔም ይቀለኛል ብዬ ሁለት ያዝኩ፣ ክፍሉ ውስጥ ያለነው በሙሉ የልውውጥ ተማሪዎች ነን፣ ሜንዛም (የዩኒቨርሲቲው ካፌ) አብረን እንበላለን፣ ማታም አብረን ነን፣ ጀርመንኛ የማወራው ዳቦ ስገዛ ብቻ ሆነ። ሶስተኛው ሳምንት ላይ አመመኝ በቃ። አንዱን ጥዬ ከጀርመን ተማሪዎች ጋር የሚሰጥ ሴሚናር ገባሁ፣ ለርኒንግ አግሪመንቱንም፣ የምወስዳቸው ኮርሶች የተዘረዘሩበትን ስምምነት፣ አስቀየርኩ፣ ይሄ እንደሚቻል ብዙ ሰው አያውቅም፣ ይቻላል፣ ሁለቱም ዩኒቨርሲቲ እንዲፈርም ብቻ ቶሎ ጠይቁ። ሙሉ ሴሚስተር 30 ክሬዲት ነው፣ ዩኒቨርሲቲያችሁ ከፈቀደ ግን ቀንሱት፣ በጀርመንኛ የምትማሩት አንድ ኮርስ የሁለት ያህል ጊዜ ይበላል።

ሴሚናሩ መጀመሪያ ቀን ፕሮግራሙ ላይ "10 ሴ ቴ" (c.t.) የሚለውን አይቼ በነሱ አቆጣጠር ልክ 10 ሰአት ላይ ተገኘሁ፣ ሰው የለም። ለካ ሴ ቴ ማለት ሩብ ሰአት አሳልፎ ነው የሚጀመረው። ውይይቱ ግን ከበደኝ፣ እኔ ከስም በፊት የሚገባው ዴር ይሁን ዲ ይሁን ዳስ ብዬ ስመርጥ ወሬው ሌላ ቦታ ደርሷል። የረዳኝ ነገር ቢኖር ቤት ሆኜ መግቢያ አረፍተነገር ማዘጋጀቴ ነው፣ "ዳርፍ ኢሽ ኩርትስ ናኽፍራገን"፣ አንዴ ልጠይቅ እንደማለት ነው፣ እሷን ካልኩ በኋላ ሁሉም ዝም ብሎ ይጠብቀኛል። ሴሚስተሩ መጨረሻ አካባቢ አስራ አምስት ደቂቃ ሪፈራት፣ ማለትም ክፍል ውስጥ የሚቀርብ ገለጻ፣ አቀረብኩ፣ ስጨርስ ጠረጴዛውን በጣታቸው አንጓ ኳ ኳ ኳ አደረጉት፣ ጭብጨባቸው እንደዛ ነው። ያን ድምፅ አልረሳውም።

ከሁሉም በላይ ግን ታንደም። እናንተ ጀርመንኛ፣ እሱ የእናንተን ቋንቋ፣ ግማሽ ሰአት ግማሽ ሰአት ተካፍላችሁ ማውራት ነው፣ ነፃ ነው፣ ዩኒቨርሲቲው ራሱ ያገናኛል። እኔ አማርኛ የምትማር ልጅ አገኘሁ። አንድ ቀን "በላ" እና "በልቷል" ልዩነቱ ምንድነው ብላ ጠየቀችኝና መልስ አጣሁ፣ እሱን ሳስብ ነው የጀርመንኛውን ሀላፊ ጊዜ በደንብ የተረዳሁት። ሌላው ደግሞ "ዋይል" (ምክንያቱም) ካሉ በኋላ ግሱ መጨረሻ ሲሄድ ሌሎቹ ተማሪዎች ሲጨነቁ እኔ ምንም አልመሰለኝም፣ እኛ እኮ ሁሌም ግሱን መጨረሻ ነው የምናስቀምጠው! እሷ ናት ይሄን ያሳየችኝ። አንድ ቅዳሜ በዛችው በሴሚስተር ትኬት ጎታ የምትባል ከተማ ሄደን ፍሪደንሽታይን ቤተመንግስትን አየን፣ ኢትዮጵያዊው መነኩሴ አባ ጎርጎርዮስ በ1652 እ.ኤ.አ. እዛ መጥተው ነው ጀርመናዊውን የቋንቋ ምሁር ሂዮብ ሉዶልፍን ያስተማሩት፣ ሉዶልፍ ኋላ በ1698 የአማርኛ ሰዋስው አሳተመ። ሁለቱ ያደረጉት ያው የኛን ታንደም ነበር ብዬ ግቢው ውስጥ ቆሜ ብዙ ሳስብ ቆየሁ።

አንዷን ኮከብ የቀነስኩት በቤት ነገር ነው። በገባችሁ በሁለት ሳምንት ውስጥ አድራሻችሁን ማስመዝገብ አለባችሁ፣ ለሱ ደግሞ ያከራያችሁ አካል የሚሰጠው የማረጋገጫ ወረቀት ያስፈልጋል። እኔን ያከራየኝ ቢሮ ሶስት ጊዜ አመላለሰኝ፣ ሁለት ቀን ጠዋት ጠዋት ብቻ ነው የሚከፍተው፣ ኢሜይልም አይመልስም፣ በሱ ምክንያት የባንኩም የመኖሪያ ፈቃዱም ጉዳይ ተጓተተ። ስለዚ ኮንትራት ስትፈርሙ ያኔውኑ ወረቀቱን ጠይቁ። ዶርም ስትመርጡም ብቻችሁን የምትሆኑበትን ክፍል ተዉት፣ ኩሽና የጋራ የሆነበትን ያዙ፣ ፍሪጁ ላይ የተለጠፈው የፅዳት ተራ ስንቱን መፅሀፍ ላይ የሌለ ቃል አስተማረኝ መሰላችሁ፣ ስለ ቆሻሻ መለየት ብቻ ሁለት ሳምንት ተከራክረናል፣ በጀርመንኛ!

ደረጃ ለጠየቃችሁኝ፣ በቤ አይንስ (B1፣ መካከለኛ ደረጃ) ትኖራላችሁ፣ ሴሚናር ለመከታተል ግን ከሱ ቀጥሎ ያለው ቤ ትስቫይ (B2) ያስፈልጋል። ቴስትዳፍ በሚባለው የጀርመንኛ ፈተና በአራቱም ክፍል 4 ማምጣት የሚባለው ሙሉ ዲግሪ እዛው ለሚማር ነው፣ ለልውውጥ ብዙ ጊዜ እሱን አይጠይቁም፣ ያው የምትሄዱበትን ዩኒቨርሲቲ ጠይቁ። ሙሉ ሴሚስተር የማይመቸው ደግሞ ዩኒቨርሲቲዎቹ በበጋቸው የሚሰጡትን የጥቂት ሳምንት የቋንቋ ኮርስ ይሞክር። ከሁለቱ ሴሚስተር ከጥቅምት እስከ መጋቢት ያለውን ነው የምመርጠው፣ ብርዱና ጨለማው ይከብዳል፣ ግን የሀገሬው አዲስ ተማሪም ያኔ ነው የሚጀምረው፣ እሱም እንደናንተ ጓደኛ እየፈለገ ስለሆነ መግባባቱ ይቀላል።

የታንደሟ ልጅ አሁንም እሁድ እሁድ በፊደል ትጽፍልኛለች፣ ጸ እና ፀ እያቀላቀለች፣ እኔም በጀርመንኛ እመልሳለሁ፣ ዴር እና ዳሴን እያረመች ትልክልኛለች።