«አይ ሰቨን ነው» ሲሏችሁ ቀጥሎ ያለውን ቁጥር ጠይቁ

ለእናታችሁ ወይም ለአባታችሁ በትንሽ ብር ዴስክቶፕ ልትገዙ ካሰባችሁ፣ ከመክፈላችሁ በፊት ይቺን አንብቡ። እኔ ተሸውጃለሁ።

አባቴ ጡረታ ከወጣ ጀምሮ የሰፈራችን እድር ጸሐፊ ነው። ቃለ ጉባኤውን በእጁ ሲጽፍ ኖሮ ዘንድሮ «በኮምፒውተር ይሁን» ተባለ። ላፕቶፕ አይሆነውም። ዓይኑ ደክሟል፤ ትልቅ ስክሪንና ደህና ኪቦርድ ይፈልጋል። ከዚያ ሌላ ዜና ያያል፣ በዩቲዩብ መዝሙር ይሰማል፣ አሜሪካ ካለችው እህቴ ጋር ያወራል። በቃ። ለዚህ ውድ ማሽን አያስፈልግም።

የገባሁበት ሱቅ (ስሙ ይቅር) ጎኑ መስታወት የሆነ ኬዝ አሳየኝ። ውስጡ ሦስት ፋኖች ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ እየቀያየሩ ይበራሉ። «እህቴ፣ ኮር አይ ሰቨን፣ 16 ጊጋ ራም፣ 1 ቴራ ሃርድ ዲስክ፣ ዕቃው አዲስ። ከዚህ በላይ ምን ትፈልጊያለሽ?» አይ ሰቨን ኢንቴል የሚሠራው ፕሮሰሰር ነው፤ የማሽኑ አንጎል በሉት። ጥግ ላይ አቧራ የለበሱ ጥቋቁር የቢሮ ዴስክቶፖች ተደርድረዋል። «እነዚያስ?» ስለው «ተያቸው፣ ስላሽ ናቸው» ብሎ ፊቱን አዞረ፤ ያገለገሉ ማለቱ ነው። ዋጋቸው ተቀራራቢ ነበር። የሚያበራውን ወሰድኩ።

የዚያኑ ዕለት ማታ አባቴ ደወለ። «ልጄ፣ ይሄ መብራት ሥራው ምንድን ነው?» ምንም ሥራ የለውም። ሳሎኑን ጭፈራ ቤት ስላስመሰለበት ሲመሽ ነጠላ ጣል ያደርግበት ጀመር። ማሽኑ እስኪነሳ ቡና ይፈላል። ዩቲዩብ ሲከፈት ፋኑ እንደ ወፍጮ ያጓራል። እህቴ ስትደውል ደግሞ ሌላ ጉድ ወጣ፤ ዴስክቶፕ እኮ እንደ ላፕቶፕ ካሜራና ማይክ የለውም። ይሄኛው የሻጩ ጥፋት አይደለም፣ እኔ ነኝ የረሳሁት።

በሦስተኛው ሳምንት መብራት ሄዶ ሲመለስ «ጧ» አለ። የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተ።

ሰፈራችን ጎበዝ የጥገና ልጅ አለ። ኬዙን ፈታና መጀመሪያ ያወጣው ፓወር ሳፕላዩን (መብራቱን ተቀብሎ ለማሽኑ የሚያከፋፍለውን) ነው። እጄ ላይ አስቀመጠልኝና «ያዢው እስኪ» አለኝ። ባዶ ቆርቆሮ የያዝኩ ነው የመሰለኝ። ላዩ ላይ 500 ዋት ይላል። ከሌላ ማሽን የወጣ ደህና ፓወር ሳፕላይ በሌላው እጄ ሰጠኝ፤ እጄ ዝቅ አለ። ርካሾቹ ውስጣቸው ትንንሽ ነው፣ ሽቦአቸው ቀጭን ነው፣ መከላከያ የሚባለውንም ይቀንሱበታል። መብራት በሚሄድበትና በሚመጣበት አገር ደግሞ መጀመሪያ የሚፈተነው እሱ ነው። ከፈነዳም ማዘርቦርዱን (ሁሉም ዕቃ የሚሰካበትን ዋናውን ሰሌዳ) ይዞ ሊሄድ ይችላል። የኛም ይዞ ሄደ።

ከዚያ ፕሮሰሰሩ ላይ የሚቀባውን የማቀዝቀዣ ቅባት ጠርጎ ጽሑፉን አስነበበኝ። አይ ሰቨን 2600። ውሸት አልነገሩኝም ማለት ነው፤ አይ ሰቨን ነው። ግን ያ ፕሮሰሰር ገበያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው! ማዘርቦርዱ ኤች 61 የሚባለው ነው፣ የዚያው ዘመን። ስማቸው ያልታወቀ አምራቾች ዛሬም አዲስ እያሉ ያወጡታል። ካርቶኑ አዲስ፣ ቴክኖሎጂው ከ14 ዓመት በላይ ያረጀ። ራሙም ዲዲአር 3፣ አሮጌው ዓይነት ነው።

ቁጥሩን እንዴት እንደምታነቡ ልንገራችሁ። ከአይ ስሪ፣ አይ ፋይቭ ወይም አይ ሰቨን ቀጥሎ አራት አሃዝ ካለ የመጀመሪያው አሃዝ ጄኔሬሽኑ (ትውልዱ) ነው። 2600 ሁለተኛ፣ 8500 ስምንተኛ። አምስት አሃዝ ከሆነ የመጀመሪያዎቹን ሁለት እዩ፤ 10400 አሥረኛ ነው። ስምንተኛ ጄኔሬሽን አይ ስሪ 8100 ከዚያ ሁለተኛ ጄኔሬሽን አይ ሰቨን ይሻላል፣ ኤሌክትሪክም ያነሰ ይበላል። የዩቲዩብ ጩኸትም ምክንያቱ ይኸው ነው። አሮጌው ግራፊክስ (ምስል የሚያወጣው ክፍል) ዩቲዩብ የሚልከውን አዲሱን የቪዲዮ ዓይነት በራሱ መፍታት ስለማይችል ፕሮሰሰሩ ብቻውን ይታገላል።

ዊንዶውሱም ያው ነው። 11 ተጭኖበታል፣ ግን በጓሮ በር። ማይክሮሶፍት ከኢንቴል በኩል የሚቀበለው በጥቅሉ ከስምንተኛ ጄኔሬሽን ጀምሮ ነው። «እንግዲያው 10 ይጫንልኝ» እንዳትሉ፣ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ (የደህንነት ማሻሻያው) ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ሰነድ የሚይዝ ሽማግሌን በዚያ ላይ ማስቀመጥ እኔ አልወድም።

ሃርድ ዲስኩን ልጁ በራሱ ማሽን ላይ ሰክቶ ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም አየው። የሠራበት ሰዓት 41 ሺህ። አስሉት፤ ቀንና ሌሊት ሳይጠፋ 4 ዓመት ከ8 ወር ገደማ። «አዲስ» የተባለው ይሄ ነው። ቃለ ጉባኤው ግን ተረፈ፣ ተመስገን።

ሱቁ ተመለስኩ። ደረሰኙን አሳዩኝ፤ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ማኅተም አለበት። የተጻፈው ደግሞ «ኮምፒውተር 1» ብቻ። ሞዴል የለም፣ ቁጥር የለም፣ ዋስትና የለም። በምን ልከራከር? እናንተ የፕሮሰሰሩን ሙሉ ቁጥር፣ የራሙን ዓይነትና የዋስትናውን ጊዜ ሳታስጽፉ ብር አትቁጠሩ።

ሱቅ ውስጥ ሳላችሁም ማሽኑን አስነሱት። ስክሪኑ ላይ የሚታየው የፕሮሰሰር ስም ሊነካካ ይችላልና ባዮስ (ዊንዶውስ ሳይነሳ የሚከፈተው የማሽኑ ማስተካከያ ገጽ) ውስጥ ግቡ፤ ማሽኑ ሲነሳ የምትጫኑት ዴል ላይ ኤፍ 2፣ ኤችፒ ላይ ኤፍ 10፣ ሌኖቮ ላይ ኤፍ 1 ነው። ክሪስታል ዲስክ ኢንፎን በፍላሽ ይዛችሁ ሂዱ። ሻጩ «አይቻልም» ካለ ሌላ ሱቅ ሞልቷል።

ለአባቴ በመጨረሻ ያንን የናቅኩትን ጥቁር የቢሮ ዴስክቶፕ ገዛሁ፣ ከሌላ ሱቅ። ዴል ኦፕቲፕሌክስ 3060 ነው። ኤችፒ ፕሮዴስክ 600 ጂ 4 ወይም ሌኖቮ ቲንክሴንተር ኤም 720 ብታገኙም የዚያው ዘመን ናቸው። አይ ፋይቭ 8500፣ 8 ጊጋ ዲዲአር 4፣ 256 ጊጋ ኤስኤስዲ (በሃርድ ዲስክ ቦታ የሚገባው ፈጣኑ ዲስክ)። ግራፊክስ ካርድ የለውም፣ አያስፈልገውምም። ብር ካነሳችሁ ፕሮሰሰሩን ወደ አይ ስሪ ዝቅ አድርጉ እንጂ ኤስኤስዲውን አትንኩ። ለአረጋዊ ሰው ፍጥነት ማለት እሱ ነው።

ስላሽም ጣጣ አለው። የነዚህ ማሽኖች ፓወር ሳፕላይ ገበያ ላይ ካለው ተራው ጋር ሶኬቱ አይገጥምም፤ ከተቃጠለ የራሱን ዓይነት ፍለጋ ትንከራተታላችሁ። ስለዚህ ከተረፋችሁ ብር ላይ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ማሽኑን በባትሪ የሚይዘውን) ግዙ። ዋይፋይ የሌላቸው ብዙ ናቸው፣ ትንሿን የዩኤስቢ ዋይፋይ ጨምሩ። አንዳንዶቹ ከኋላቸው ዲስፕሌይ ፖርት የሚባለው የስክሪን መሰኪያ ብቻ ነው ያላቸው፤ ከሞኒተራችሁ ጋር የሚገጥም ገመድ ሳትይዙ አትውጡ። ካሜራውን እኔን አይታችሁ አትርሱ።

ባለፈው ቅዳሜ በዚያ ሱቅ በር አለፍኩ። መስታወት ኬዝ አሁንም ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ እያለ መስኮቱ ላይ ይበራል። «ኮር አይ ሰቨን፣ አዲስ» የሚል ወረቀት ተለጥፎበታል። ቁጥሩ አልተጻፈም።