የዜግነት መጽሐፍ ያስጠረዝኩባት የደሴዋ ፎቶ ኮፒ ቤት

ደሴ ውስጥ ልጅ የምታስተምሩ ወላጆች ይጠቅማችኋል ብዬ ነው የምጽፈው። ቤቷ ሰኞ ገበያ አካባቢ መንገድ ዳር ናት፤ ወንድምና እህት የሚሠሩባት ጠባብ ክፍል። ሥራቸው ሸጋ ነው።

ልጄ ዘጠነኛ ክፍል ናት። የዜግነት ትምህርት መጽሐፍ ለሁለት ተማሪ አንድ ነው የደረሳቸው። ከጓደኛዋ ጋር ቀን ተከፋፈሉ፤ እስከ ረቡዕ እኛ ቤት፣ ከዚያ እነሱ ቤት። ፈተና ሲቃረብ ግን ሁለቱም በአንድ ቀን ፈለጉት። ፒዲኤፉን ከቴሌግራም አውርጄ በፍላሽ ይዤ ሄድኩ።

ልጅቷ ዝም ብላ አላተመችውም። ገጾቹን አንድ በአንድ አየችና "ጋሼ፣ ይሄ ፋይል መሀል ላይ ገጽ ይዘላል፤ እኛ ጋ ሙሉው አለ፣ አብሽሩ" አለችኝ። ግራና ቀኝ አትማ፣ በስፓይራል ጠርዛ፣ ፕላስቲክ ሽፋን አድርጋ 450 ብር አስከፈለችኝ። ሦስት ገጽ ላይ ቀለሙ ደብዝዞ ነበር። በማግስቱ ስመልሰው ያለ ምንም ጭቅጭቅ ደግማ አተመችልኝ።

ከሁሉ የወደድኩት ግን ሌላ ነው። ከዘጠነኛ ጀምሮ መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ነው። ልጄ የሕግ የበላይነትን ትርጉም በእንግሊዝኛ በቃሏ ትወጣዋለች፤ እስቲ በአማርኛ አስረጂኝ ስላት ግን ትያዛለች። የፎቶ ኮፒ ቤቷ ልጆች ሕገ መንግሥቱንም ያትማሉ፣ ነጋሪት ጋዜጣ ላይ እንደወጣው አማርኛውና እንግሊዝኛው ጎን ለጎን፣ 106ቱም አንቀጽ። እሱንም ጨመርኩ። ማታ አንቀጽ 12 ላይ ቁጭ አልን፤ የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ ይሁን የሚለው ላይ። ትንሽ አሰበችና "ቅሬ ላይ ጸሐፊው ሒሳቡን ቆሞ እንደሚያነበው ማለት ነው?" አለችኝ። አዎ፣ ልክ እንደሱ። (ቅሬ የኛ የወሎዎች ዕድር ነው።) ከዚያ ወዲያ የእንግሊዝኛውን ዓረፍተ ነገር ለመሸምደድ አልታገለችም፣ ገብቷታላ።

የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው፦ ይሄ ብር ከኔ ኪስ መውጣት አልነበረበትም። የወረዳ የትምህርት በጀት አብዛኛው ደመወዝ ነው፤ በተማሪ ቁጥር ተሰልቶ ለትምህርት ቤቱ የሚመጣው ድጎማ፣ ስኩል ግራንት የሚሉትም፣ ጠመኔ፣ ወረቀት፣ የተሰበረ ዴስክ ማስጠገኛ ሆኖ ያልቃል። ዜግነት ቤተ ሙከራ አይፈልግም፣ አስተማሪውና ሰሌዳው ይበቃዋል ተብሎ ተራው ሁሌ መጨረሻ ላይ ነው። አይበቃውም! መጽሐፍ በእጁ የሌለ ልጅ ስለ መብቱ የሚያውቀው ሰሌዳ ላይ የተጻፈለትን አራት መስመር ብቻ ነው። አንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት፣ ከፖለቲካ አመለካከትና ከባህል ተጽዕኖ ነጻ ሆኖ ይሰጥ ይላል። ታዲያ ይሄን ትምህርት የሁላችን ግብር ካልከፈለለት ማን ሊከፍልለት ነው? ገንዘቡን ያወጣ ሁሉ የራሱን ሐሳብ ያስተምርበታል። የልጄ ጓደኛ እናት ደግሞ ጉልት ነው የምትቸረችረው፤ 450 ብር ለሷ የሳምንት አስቤዛ ነው። ልጇ ከኔ ልጅ ያነሰች ዜጋ አይደለችም።

ለጓደኛዋም አንድ አስጠረዝኩላት። ነገሩን ሲሰሙ 50 ብር ቀነሱልኝ፣ እኔ ሳልጠይቅ። ዓርብ ለጁምዓ ይዘጋሉ፣ ከሰዓት ይከፍታሉ። ፈተና ሰሞን ሰልፍ ስለሚኖር በጠዋት ሂዱ፤ ፋይል ከሌላችሁም ክፍሉን ብቻ ንገሯቸው።