ኤስ ኬ ኤስ ጠመንጃ በጅማ ክረምት፦ ደጋግሞ የሚነክሰው ለምንድን ነው?

በሰቃ ጨቆርሳ በኩል ካለችው የቡናና የበቆሎ ማሳዬ ሌሊት የሚገባውን የጫካ አሳማ ለመከላከል፣ በስሜ ተመዝግቦ ፈቃድ የወጣለት ኤስ ኬ ኤስ ጠመንጃ ከያዝሁ ሰባት ዓመት ሆነኝ። ከእነዚህ ዓመታት ሁለቱን ክረምት ጠመንጃው በየሦስትና አራት ጥይቱ እየነከሰ፣ ማለትም የተተኮሰውን ቀለህ ሳይተፋ በመካከል እየቆመ፣ አማርሮኝ ነበር። ዛሬ ያለ ሥጋት እይዘዋለሁ። በመካከል የተማርሁትን የምጽፈው ተመሳሳይ መሣሪያ ይዘው በተመሳሳይ ችግር የሚንገላቱ ብዙ የማሳ ባለቤቶችን ስለማውቅ ነው።

መሣሪያውን የነደፈው ሶቪየታዊው ሰርጌይ ሲሞኖቭ ሲሆን፣ የሶቪየት ጦር በይፋ የተቀበለው እ.ኤ.አ. በ1949 ነው፤ ቻይናም ዓይነት 56 ብላ በብዛት ሠርታዋለች። አስር ጎራሽ ነው፤ ካዝናው ከአካሉ ጋር የተያያዘ በመሆኑ እንደ ክላሽ ካዝና ነቅለው በሌላ አይተኩትም። የሚጎርሰው 7.62 በ39 ሚሊ ሜትር ጥይት ነው። ቃታው በተሳበ ቁጥር አንድ ጥይት ብቻ ይተኩሳል፤ ቀለሁን አውጥቶ ቀጣዩን የሚያጎርሰው ግን ራሱ ነው። ይህን የሚያደርገው በጋዝ ኃይል ነው፦ ከባሩዱ የሚወጣው ጋዝ በርሜሉ ላይ ባለች ትንሽ ቀዳዳ ወደ ቱቦው ገብቶ ፒስተኑን ይመታል፣ ፒስተኑም መቀርቀሪያውን ወደ ኋላ ይገፋዋል። ይህን መንገድ ያላወቀ ሰው የመንከሱን ምክንያት ሊያገኘው አይችልም፤ እኔም ያላገኘሁት ለዚህ ነበር።

የእኔ ጠመንጃ ሕመም ቀለሁ ሙሉ በሙሉ ሳይወጣ በመቀርቀሪያው ተነክሶ መቅረቱ ነበር። ከተማ ውስጥ ያለ አንድ የብረት ሠራተኛ ዘንድ ብወስደው ምርመራ ሳያደርግ ቀለህ የሚያወጣውን ጥፍር በሞረድ ሳለልኝ። በማግሥቱ ጥፍሩ የቀለሁን ከንፈር መያዝ አቅቶት ባዶው ቀለህ ጭራሹን ከበርሜሉ ሥር አልወጣ አለ፤ ጥፍሩን በሌላ እስካስለውጥ ድረስ ጠመንጃው ከግድግዳ ላይ አልወረደም። ስለዚህ የመጀመሪያው ምክሬ፣ ምክንያቱ ሳይታወቅ የዚህን ጠመንጃ አንዳች ክፍል በሞረድ አታስነኩ የሚል ነው። በሞረድ የተበላ ብረት አይመለስም።

ነገሩን የፈቱልኝ በጎረቤት የሚኖሩ ጡረተኛ የመቶ አለቃ ናቸው። ቀለሁ ሲወረወር ምን ያህል እንደሚርቅ ጠየቁኝ፤ እግሬ ሥር እንደሚወድቅ ስነግራቸው፣ «ልጄ፣ ለመሆኑ የጋዝ ቱቦውን ከፍተህ ታውቃለህ?» አሉኝ። ከፍቼው አላውቅም ነበር። በርሜሉን ብቻ ስወለውል ነው የኖርሁት። ካዝናውን ከፍተን ጥይቱን አወጣን፤ በርሜሉም ባዶ መሆኑን በዓይንም በጣትም ካረጋገጥን በኋላ የቱቦውን መያዣ አንስተን ቱቦውን ከነእንጨቱ አወጣነው። ፒስተኑ ተንሸራትቶ መውጣት ሲገባው በጣት ተገፍቶ ወጣ፤ ጫፉ እንደ ጀበና ቂጥ ጠቁሮ፣ ጥላሸቱ ደርቆ ቅርፊት ሠርቶ ነበር። ከቅርፊቱ ሥር ደግሞ ቀይ ዝገት ታየ። ጋዙ ፒስተኑን በሙሉ ኃይል ስለማይገፋው መቀርቀሪያው ወደ ኋላ ሙሉ ሳይሄድ ይመለሳል፣ ቀለሁንም ሳይለቀው ይዘጋበታል።

ዝገቱ የመጣበትን መንገድ ጠንቅቆ ማወቅ ተገቢ ነው። በድሮው የምሥራቁ ጎራ ሠራዊቶች ጥይት ውስጥ ያለው መለኮሻ ሲቃጠል ጨው ይተዋል፤ ይህ ጨው ከአየሩ እርጥበት ይስባል። ዝናቡ ከመጋቢት እስከ መስከረም በማይለየው በጅማ አየር ውስጥ ደግሞ ብዙ ጊዜ አይፈጅበትም። በብዙዎቹ ኤስ ኬ ኤስ የበርሜሉ ውስጥ በክሮም የተለበጠ ስለሆነ ይቋቋመዋል፤ የጋዝ ቱቦው ግን ይበላል። ጨውን የሚያሟሟው ውኃ እንጂ ዘይት አይደለም፤ ናፍጣም ቢሆን ጥላሸቱን ያነሳል እንጂ ጨውን አያጥብም። ስለዚህ ከተኩስ በኋላ በዚያው ምሽት በርሜሉን፣ ቱቦውንና ፒስተኑን በፈላ ውኃ ማጠብ፣ በጨርቅ ማድረቅ፣ ከዚያ በኋላ በጣም ቀጭን የጠመንጃ ዘይት መቀባት ያስፈልጋል። የቱቦው ውስጥና ፒስተኑ ግን ደረቅ ቢሆኑ ይሻላል፤ ዘይቱ ከጋዙ ጋር ተቃጥሎ ሌላ ጥላሸት ይሆናልና።

ከመንከስ የሚብሰው አደጋ ግን ጥይቱን ከኋላው መትቶ የሚያስነሳው የመርፌው ነው። የዚህ ጠመንጃ መርፌ በአብዛኛው ሥሪት የሚመልሰው ሞላ የለውም፤ በመቀርቀሪያው ውስጥ ልቅ ሆኖ ይንቀሳቀሳል። ወፍራም ቅባት ወይም ጥላሸት ቀዳዳውን ከሞላበት ሁለት ነገር ይሆናል፦ ወደ ኋላ ከቀረ ጥይቱን በደንብ ሳይመታው ይከሽፋል፤ ጫፉ ወደ ፊት ወጥቶ ከቀረ ግን መቀርቀሪያው ሲዘጋ ማንም ቃታ ሳይስብ ጠመንጃው ይተኩሳል፣ ሊደጋግመውም ይችላል። በዚህ ላይ ቸልተኝነት የሰው ሕይወት ያስከፍላል። ፍተሻው ቀላል ነው፤ ያወጡትን መቀርቀሪያ ጆሮ አጠገብ አድርገው ሲያወዛውዙት መርፌው ቀጭ ቀጭ ሲል መሰማት አለበት። ካልተሰማ ጠመንጃው ጥይት እንዳይጎርስ። በተለይ ከመጋዘን ቅባቱ ጋር የተሸጠ መሣሪያ ሳይታጠብ መተኮስ የለበትም።

ጥይቱም የራሱ ጥፋት አለው። እኔ ጥይቱን በጨርቅ ጠቅልዬ ጎተራ ሥር አኖር ነበር፤ ቀለሁ የብረት ስለሆነ ዛገ፣ የዛገው ቀለህም በርሜሉ ሥር እየተጣበቀ ቀረ። አሁን ክዳኑ በሚገጥም የብረት ቆርቆሮ ውስጥ አኖረዋለሁ፤ የዛገ ወይም የተጎዳ ሳገኝ ለይቼ አወጣለሁ። የከሸፈ ጥይት ሲያጋጥም ደግሞ አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት አቅንቶ ቢያንስ ሠላሳ ሰኮንድ ሳይቆዩ መክፈት አደገኛ ነው።

እንደ ማሳ ጠባቂና እንደ አደን መሣሪያ ስመዝነው ኤስ ኬ ኤስ የታመነ ነው፤ ባዶው 3.85 ኪሎ ግራም ያህል መሆኑ ግን በጭቃ ዳገት ለሚወጣ ሰው ያደክማል። ከክላሽ ይልቅ በርሜሉ ረዘም ያለ ስለሆነ ለማነጣጠር ይመቻል። መያዙ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ፈቃድ ይጠይቃል፤ የዱር እንስሳት አደን ደግሞ በሕግ ለብቻው ፈቃድ የሚጠይቅ በመሆኑ፣ የጠመንጃ ፈቃድ መኖሩ ብቻ ጫካ አያስገባም። በቡናው ጥላ ዛፍ ላይ የሚውለው ጉሬዛ ምንም ያላጠፋ እንስሳ ነው፤ ጠመንጃ ያለው ሁሉ እንዲያስተውለው እለምናለሁ።

ባለፈው ክረምት በዚህ አያያዝ አንድ ጊዜ ብቻ ነከሰኝ፤ እርሱም ሳልለይ በጎረሰ የዛገ ጥይት ነበር። ያልተፈታልኝ የካዝናው ሞላ ጉዳይ ነው፤ ከእርጅናው የተነሳ የመጨረሻዎቹን ሁለት ጥይቶች ቀና አድርጎ አያነሳቸውም። መለዋወጫው እስኪገኝ ድረስ እያንዳንዱን ተኩስ ተከታትዬ ስምንተኛው ላይ ቆሜ እንደገና እሞላለሁ።