ድሬ ላይ ባለ ቁጥር ካዝና ልትገዙ ያሰባችሁ ሰዎች፣ ቆዩ

አሁን ከምሽቱ 3 ሰአት ነው፣ እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የምጽፈው፣ ፊደል ብገድፍ ይቅርታ። ታይዋን የሚባለው የድሬ ገበያ ከሚገኙት ሱቆች ከአንዱ ከ3 ሳምንት በፊት በ16,500 ብር የገዛሁት በባትሪ የሚሰራ ኤሌክትሮኒክ ካዝና ዛሬ ከሰአት በቡጢ ተከፈተ። በመጋዝ አይደለም፣ በዲጂኖ አይደለም፣ አንድ የ18 አመት ልጅ በቡጢው አንዴ መታው፣ ተከፈተ።

እኔ እህል ነጋዴ ነኝ፣ ከሂርናና ከጭሮ እየጫንኩ ስለማመጣ ብር ይዤ መንገድ አድራለሁ፣ ለዛ ነው በአዋጅ 1177/2012 መሰረት ፈቃድ የተሰጠኝ አንድ ሽጉጥ ያለኝ። ቤት ውስጥ ደሞ የ10 አመት ወንድ ልጅ አለኝ። እስካሁን ቁምሳጥን ላይ ሻንጣ ውስጥ ቆልፌ ነበር የማስቀምጠው፣ ልጁ ግን አደገ፣ ወንበር እየጎተተ የማይወጣበት ነገር ጠፋ፣ እኔም እንቅልፍ አጣሁ። ስለዚ ካዝና የፈለኩት ለሌባ ብዬ አይደለም፣ ለልጄ ነው። ይሄን ደሞ ለሻጩ ገና ስገባ ነግሬዋለሁ፣ ሽጉጥ እንደሆነም፣ ልጅ እንዳለኝም።

አጎቴ ዕድሜውን ምድር ባቡር ነው የጨረሰው፣ "ግዛ ካልክ የሚዞረውን ግዛ" ብሎኝ ነበር። የሚዞረው ማለት ፊቱ ላይ እስከ 100 የተጻፈበት ክብ ያለው፣ ግራ ቀኝ እያዞሩ የሚከፍቱት። ባትሪ የለው፣ መብራት የለው። ውስጡ ያሉት 3 ክብ ብረቶች እያንዳንዳቸው አንድ ክፍተት አላቸው፣ ሶስቱም ክፍተቶች አንድ መስመር ላይ ካልመጡ ዘንጉ የሚወርድበት ቦታ የለም፣ ካልወረደ ደሞ በሩ አይከፈትም፣ በቃ። እዛው ሱቅ ውስጥ አንድ ያገለገለ ነበር፣ 27,000 ብር፣ ሶስት ሰው ነው የሚያነሳው። እጄን አስቀምጬበት ነበር እኮ! ሻጩ መጣና "አቦ እሱን ተው፣ የጃንሆይ ዘመን ነው፣ ቁጥሩ ከጠፋብህ በድሪል ነው የሚበሳልህ፣ ማታ ሰው ቢመጣብህ ስታዞር ይነጋል" አለኝ። እውነትም መዝጋቱም መክፈቱም ቀርፋፋ ነው፣ ቁጥሩ ከጠፋም ጣጣ ነው፣ ውሸት አልነገረኝም። ከዛ ኤሌክትሮኒኩን ጠቅ ጠቅ አደረገው፣ ጢጥ አለ፣ አረንጓዴ መብራት በራ፣ ተከፈተ። እኔም በዛች መብራት ተሸነፍኩ። ብቻዬን ብድግ አድርጌ ባጃጅ ላይ ስጭነው እንኳን ይሄን ያህል የሚቀል ነገር ምን ይጠብቃል ብዬ አላሰብኩም።

የሚያንገበግበኝ ሌላው ነገር ቁልፉ ነው። ባትሪ ሲያልቅ የሚከፈትበት ሁለት ቁልፍ አብሮት አለው። "ሁለቱንም እዛው ውስጥ አስቀምጣቸው፣ ልጁ እንዳያገኛቸው" አለኝ ሻጩ። በልጄ ገብቶ ነው የመከረኝ። የባትሪ ድንጋዮቹ ማስገቢያ ደሞ ከበሩ ጀርባ ነው፣ ማለትም ሲያልቁ ለመቀየር መጀመሪያ መክፈት አለብህ። ይሄን ለማሰብ መማር አያስፈልግም ነበር፣ እኔ ግን እሺ ብዬ አስቀመጥኩ።

ዛሬ ጠዋት ቁጥሩን ብነካ ድምጽ የለም። ገና ሶስት ሳምንቱ ነው! ሽጉጡም፣ የቤቱ ካርታም፣ ቁልፎቹም ውስጥ ናቸው። ፈቃዴን ኪሴ ከትቼ፣ ልጄም ትምህርት ስለሌለው አብሮኝ፣ ካዝናውን በባጃጅ ይዤ ሄድኩ። 8 ሰአት አካባቢ ነው፣ በርጫ ላይ ናቸው። ባለሱቁ ቀና ብሎ እንኳን አላየኝም፣ "አንተ ልጅ፣ ክፈትለት" አለ።

የሱቁ ልጅ ባትሪ ሊያመጣ ወይ ሌላ ቁልፍ ሊያመጣ ነው ብዬ ቆሜያለሁ። እሱ ግን ባንኮኒው ላይ እንደተቀመጠ በግራ እጁ ማዞሪያውን ያዘ፣ በቀኝ እጁ ከላይ ጓ አደረገው፣ ያኔውኑ ማዞሪያውን ጠመዘዘው፣ በሩ ወለል አለ። ሽጉጤ እዛ የቆመው ሰው ሁሉ ፊት ተጋለጠ፣ አራት አምስት ደንበኛ ነበር፣ አንዷ እናት ልጇን ወደኋላ ሳበች። በነጠላ ሸፈንኩት። ምን አድርገህ ነው ስለው "ባትሪ አልቆበት የሚመጣ ሁሉ እንዲ ነው የምንከፍትለት" አለኝ። ያውቃሉ ማለት ነው። ሲሸጡልኝም ያውቁ ነበር፣ ለልጄ ብዬ ነው ስላቸውም ያውቁ ነበር። ገንዘቤን መልሱ ስል ባለሱቁ "ይኸው ተከፈተልህ፣ ምን ጎደለብህ? አቦ በዚ ሙቀት አትጨቅጭቀን" ብሎ ደረሰኙ ላይ የተሸጠ ዕቃ አይመለስም የሚለውን በጣቱ አሳየኝ። ሳቁ። ልጄ ፊት ሳቁብኝ።

ቤት ስንገባ ልጄ ምን አለኝ? "አባ፣ እኔም ልሞክረው?" ባዶ አድርጌ ዘጋሁለት። በሶስተኛው ምት ከፈተው። የ10 አመት ልጅ ነው። ሚስቴ እዛው ቁጭ ብላ አለቀሰች።

ሳቢያን ያለ ኤሌክትሮኒክስ የሚሰራ ጓደኛዬ ማታ መጥቶ የበሩን ጀርባ ፈታው። ሶሌኖይድ የሚሉት ነገር ነው ያለው፣ ከትንሽ ጣት ያነሰ የሽቦ ጥቅል፣ መሃሉ ላይ በደካማ ስፕሪንግ የተያዘች ሚስማር የምታክል ብረት። ትክክለኛው ኮድ ሲገባ ማግኔቱ ብረቷን ይስባታል፣ ማዞሪያው ነጻ ይሆናል። ከላይ ሲመታ ግን ብረቷ ራሷ ትዘላለች፣ በዛች ቅጽበት ማዞሪያውን ያዞረ ከፈተ። በሩን የያዘው እሷ ብቻ ናት፣ 16,500 ብር የከፈልኩት ለሷ ነው። ኤሌክትሮኒክ ሁሉ እንዲ አይደለም አለኝ፣ ደህናዎቹ በሞተር የሚሰሩ ናቸው፣ ባለ 9 ቮልት ባትሪያቸውም ከውጪ ከቁጥሩ ሰሌዳ ጋር ስለሆነ ሳይከፈት ይቀየራል። እኔ የገዛሁት ግን ያ አይደለም፣ ታይዋን ተደርድሮ ያየሁትም አብዛኛው ይሄንኑ ነው የሚመስለው።

ብር ከመክፈላችሁ በፊት እዛው ሱቁ ውስጥ ዝጉትና ማዞሪያውን እያዞራችሁ ከላይ ደጋግማችሁ ምቱት፣ ባለሱቁ ከከለከላችሁ ውጡ። ባትሪው የት እንደሚገባ እዩ። ቁልፉን ውስጥ አታስቀምጡ። ቤታችሁ ልጅ ካለና ለመሳሪያ ከሆነ ደሞ እኔ ዛሬ ብጠየቅ የሚዞረውን ነው የምለው፣ ቀርፋፋ ቢሆንም ይሁን።

ሽጉጡ አሁን ወገቤ ላይ ነው፣ የማስቀምጥበት ስለሌለኝ ዛሬ ቁጭ ብዬ ነው የማድረው። ድሬም ሆነ ሐረር የሚዞር ካዝና የሚሸጥ ሰው፣ ወይ ቁጥሩን መቀየር የሚችል ባለሙያ የምታውቁ ካላችሁ እባካችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ጠዋት 1 ሰአት ላይ ከቤት እወጣለሁ።