የጭስ ማንቂያው፣ ከስምንት ወር በኋላ

መርካቶ በ1,800 ብር ገዛሁት። ባለ 9 ቮልት ባትሪ ነው፤ ጣሪያ ላይ በሁለት ብሎን የሚታሰር ነጭ ክብ ነገር። ሻጩ «ለሆቴል ነው ለቢሮ?» አለኝ። ለመኖሪያ ቤት ስለው ገረመው። ቤቴ በኤሌክትሪክ ኮንታክት ከተቃጠለ ስድስት ዓመት ሆነው፤ ዛሬም ሶኬቶቹን በእጄ ሳልዳስስ አልተኛም።

ዕቃው ሥራውን ያውቃል። ችግሩ የኛ ቤት ነው፤ ቡና ሲቆላ ይጮኻል፣ ዕጣን ሲጨስ ይጮኻል። መጀመሪያ የጮኸው እሑድ ነበር። እንዴት እንደወጣሁ አላውቅም፤ በባዶ እግሬ ግቢው መሃል ቆሜያለሁ፣ በእጄ አንድ ባዶ ስኒ። ልጄ ከበሩ ላይ «እማዬ፣ ቡናው እኮ ነው!» እያለች ትስቃለች፤ ፊቴን ስታይ ዝም አለች። ያኔ ቤቱ ሲቃጠልም እንዲሁ የማይረባ ነገር ይዤ ነው የወጣሁት። ለተቃጠለው የቤት ካርታ ምትክ አስወጣሁ፤ የእናቴን የሠርግ ፎቶ ከማን ላስወጣ?

ከሳሎን ነቅዬ ወደ መኝታ ቤቱ መተላለፊያ አዛወርኩት፤ አሁን ቡናችንን በሰላም እንጠጣለን። ማድ ቤት ግን አትስቀሉት። መመሪያው አማርኛ የለውም። ባትሪው ሲደክም ደግሞ ሌሊት ጢው ጢው ይላል፤ እኔ ያን ሌሊት እስኪነጋ ቁጭ ብዬ አደርኩ። ደውሎም እሳት አደጋን አይጠራላችሁም፣ 939 የምትደውሉት ራሳችሁ ናችሁ።

ከአምስት አራት ኮከብ። ለልጄ ክፍል ሁለተኛ ልገዛ ነው።