የጋራዣችንን ምሰሶ ላተረፉልን መሐንዲስ

ይህን ምስጋና ሳልጽፍ ሦስት ሳምንት በማለፉ ቅር ሲለኝ ቆይቷል። የማመሰግናቸው የስትራክቸር መሐንዲስ (ሕንፃው ሸክሙን እንዴት እንደሚችል የሚያሰሉ ባለሙያ) ስማቸው በአደባባይ እንዲወጣ አልፈለጉም፤ ስለዚህ «መሐንዲሷ» እያልኩ እቀጥላለሁ። ቤታችሁን ለመነካካት ያሰባችሁ ሁሉ ግን እንደ እርሳቸው ያለ ሰው መጥቶ ሳያይላችሁ መዶሻ እንዳታነሱ ከልቤ እለምናለሁ።

ጋራዣችን ጎን ለጎን ሁለት በሮች አሉት። የእያንዳንዱ ስፋት 2 ሜትር ከ30 ሲሆን፣ በመካከላቸው 40 ሴንቲሜትር የሚሆን የአርማታ ምሰሶ ቆሟል። ከላይ የእናቴ መኝታ ክፍል ነው። አሁን የያዝነው መኪና ከቀድሞው ሰፋ ስለሚል ወደ ግራው በር በገባ ቁጥር የጎን መስታወቱ ምሰሶውን ይታከካል፤ ሁለት ጊዜም ተሰብሯል። እኛም ምሰሶውን አንስተን ሁለቱን በሮች አንድ ሰፊ በር ለማድረግ ወሰንን። ፎቶግራፍ ልከን በስልክ ያማከርነው አንድ ባለሙያ «ምንም አይሆንም፣ ከላይ ወፈር ያለ ብረት አስገቡና አፍርሱት» አለን። ግንበኛም ቀጠርን።

ሥራው ሊጀመር አራት ቀን ሲቀረው እናቴ ማታ ጠራችኝና «ልጄ፣ ያን ምሰሶ ስታነሱት የእኔ አልጋ በምን ላይ ሊቆም ነው?» አለችኝ። የምመልስላት ነገር አጣሁ። በማግስቱ የሥራ ባልደረባዬን ጠይቄ የመሐንዲሷን ስልክ አገኘሁ።

ሲመጡ ወደ ምሰሶው ይሄዳሉ ብዬ ጠብቄ ነበር። እርሳቸው ግን በቀጥታ ወደ ላይ ወጥተው እናቴን አስፈቅደው ክፍሏን በሜትር ለኩ፤ ሶሌታው (የክፍሏን ወለል የሚሸከመው የአርማታ ዝርግ) በየትኛው አቅጣጫ እንደተዘረጋ ለማወቅ የቤቱን የመጀመሪያ ንድፍ አስወጡኝ፤ ከዚያ በኋላ ነው ባትሪ ይዘው ወደ ጋራዡ የወረዱት። የበሮቹን ማዕዘኖች አንድ በአንድ እያበሩ፣ ከማዕዘን ተነስቶ በሰያፍ ወደ ላይ የሚሄድ ስንጥቅ እንዳለ ፈለጉ። ከዚያም ወረቀት አውጥተው ከእኔ ጋር ሒሳቡን ሠሩት።

ሒሳቡን እዚህ ላስቀምጠው፤ እኔን ያስደነገጠኝ እርሱ ነውና። ፌሮ (የብረት ዘንግ) ያለበት አርማታ አንድ ሜትር ኩብ ወደ 2500 ኪሎ ይመዝናል። የእናቴ ክፍል ሶሌታ 15 ሴንቲሜትር ውፍረት አለው፤ እያንዳንዱ ካሬ ሜትር 375 ኪሎ ነው ማለት ነው። ክፍሉ ወደ ውስጥ 4 ሜትር ስለሚገባ ግማሹ፣ ማለትም 2 ሜትሩ፣ በጋራዡ በር ላይ ባለው ቢም (አግድም በተዘረጋው የአርማታ ተሸካሚ) ላይ ያርፋል። በአንድ ሜትር ርዝመት 750 ኪሎ፣ ሁለቱ በሮችና ምሰሶው በሚይዙት አምስት ሜትር 3750 ኪሎ። ግድግዳው፣ ልስኑ፣ ወለሉ፣ አልጋው፣ ቁም ሳጥኑና እናቴ ገና አልተቆጠሩም። ከዚህ ሁሉ ጭነት ከግማሽ በላዩን የሚሸከመው ያ መካከለኛ ምሰሶ ነው። ቢሙ ያለ እርሱ ቢቀር ያለ ድጋፍ የሚዘረጋው ርዝመቱ በእጥፍ ያድጋል፤ ቢሙን ለማጉበጥ የሚሠራው ኃይል አራት እጥፍ፣ የሚረግበው መጠን ደግሞ ከአሥራ ስድስት እጥፍ በላይ ይሄዳል። እኔ ርዝመቱ እጥፍ ከሆነ ችግሩም እጥፍ ይሆናል ብዬ ነበር የማስበው።

ከሁሉ የማልረሳው ግን የስፖንጁን ነገር ነው። ከአሮጌ ፍራሽ የተቆረጠ ረጅም ስፖንጅ ጋራዡ ውስጥ አይተው አነሱና መካከሉ ላይ ከላይም ከታችም በቢላ ጫር አደረጉት። በሦስት ጣሳዎች ላይ አስቀምጠው ግራና ቀኙን ሲጫኑት ከመካከለኛው ጣሳ በላይ ያለው ጭረት አፉን ከፈተ፤ የታችኛው እንደተዘጋ ቀረ። «አርማታ ሲጫኑት ጠንካራ ነው፣ ሲስቡት ግን ይሰነጠቃል፤ ለዚህ ነው በሚሳብበት በኩል ፌሮ የሚደረግለት» አሉኝ። ቀጥለው መካከለኛውን ጣሳ አወጡና እንደገና ተጫኑት። አሁን የተከፈተው የታችኛው ጭረት ሆነ። የእኛ ቢም በምሰሶው አናት ላይ ዋናው ፌሮ የተቀመጠው ከላይ በኩል ነው። ምሰሶውን ብናነሳው መሳቡ ወደ ታች ይዞራል፤ እዚያ ደግሞ ያለው ፌሮ ለዚያ ሥራ ታስቦ የገባ አይደለም። ያ በስልክ የመከረን ባለሙያ ይህን ከፎቶግራፍ ላይ ሊያየው አይችልም ነበር፤ ባያየው አልፈርድበትም፤ ሳያየው «አፍርሱት» ማለቱ ግን እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

ስለ መሬት መንቀጥቀጥም አነሱልኝ። እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር በ1994 በካሊፎርኒያ ኖርዝሪጅ በደረሰው መንቀጥቀጥ፣ ከሥሩ የመኪና ማቆሚያ የነበረው የኖርዝሪጅ ሜዶውስ አፓርታማ ምድር ቤቱ ተደፍጥጦ 16 ሰዎች ሞተዋል። ለመኪና ተብሎ ክፍት የተተወ ወለል ወደ ጎን ሲገፋ የሚይዘው ግድግዳ ያንሰዋል፤ በጋራዥ በር ግራና ቀኝ የሚቀሩት ጠባብ ግድግዳዎችና ምሰሶዎችም ከክብደት በተጨማሪ ይህን ግፊት ይቋቋማሉ።

ይህን ሁሉ ካስረዱኝ በኋላ ማንም ያልጠየቀንን ጠየቁ፦ «ለመሆኑ የቸገራችሁ ምንድን ነው?» መኪናው ሲገባ እንዲያዩ ባለቤቴን አስነዱ። ለካ ጠባብነቱን ያባባሰው ደጃፉ ላይ ያለው የአበባ መደብ ኖሯል፤ መኪናው በቀጥታ መግባት ሲገባው መደቡን ለመሸሽ ሲል በሰያፍ ይመጣል። ከዚያ በግራው በር ዳርቻ ልስኑን የመዳፍ ያህል በመሮ አስነስተው አሳዩኝ። ከዳሩ ምሰሶ ቀጥሎ 25 ሴንቲሜትር ያህል በብሎኬት የተሞላ ክፍል አለ። ቢሙ የተቀመጠው በዳሩ ምሰሶ ላይ ነው፤ ብሎኬቱ በሩን ለማጥበብ ብቻ በኋላ የገባ ነው። በብረት መፈለጊያ መሣሪያም ፌሮው ከቢሙ ወደ ምሰሶው እንደሚገባ አረጋገጡ።

ስለዚህ መደቡን አሳጠርን፤ ብሎኬቱንም አነሳን። በሩ 2 ሜትር ከ55 ሆነ። መካከለኛው ምሰሶ እንደቆመ ነው።

ምሰሶውን ለማንሳት አዲስ የብረት ቢም፣ አዳዲስ ቋሚዎችና ከሥራቸው አዲስ መሠረት መሥራት ይቻል ነበር፤ ንድፉን የሚሠሩትም እርሳቸው ናቸው። ብዙ የሚከፈልበት ሥራ ነበር። «አያስፈልጋችሁም» ብለው የጉብኝታቸውን ብቻ ተቀብለው፣ ያዩትንና የመከሩትን በሁለት ገጽ ጽፈውና ፈርመው ሰጡኝ።

ግንበኛችንንም ሳላመሰግን አላልፍም። ሥራው ቢቀንስበትም አልተከፋም፤ መሐንዲሷ እንዳዘዙት ለጥንቃቄ ድጋፍ አቁሞ፣ ከላይኛው ረድፍ ጀምሮ ብሎኬቱን በትንሽ መዶሻና በመሮ አንድ በአንድ አወጣው። ሲጨርስ ስፖንጁን «ልጆቹን ላሳያቸው» ብሎ ጠይቆኝ ወሰደው፤ አብረውት ለሚሠሩት ወጣቶች ነው።

የመሐንዲሷን ስልክ የምትፈልጉ በግል ጻፉልኝ፤ ፈቅደውልኛል። ከመደወላችሁ በፊት የቤቱን ንድፍ ካላችሁ ፈልጋችሁ አዘጋጁ፤ ከጋራዡ በላይ ያለውንም ክፍል ክፍት አድርጉላቸው፤ መጀመሪያ የሚሄዱት ወደዚያ ነው። እናቴ እዚያ ክፍል ውስጥ ሆና «ሰላምታዬን ጻፍልኝ» ብላለች።